«ሌይ ኦፍ» ማባረር አይደለም

አንድ ሰው «ከሥራ ተባረርኩ» ሲላችሁ መጀመሪያ ወደ አፋችሁ የሚመጣው ጥያቄ ምንድን ነው? «ምን አጥፍተህ?» ነው። ጨዋ ከሆናችሁ ፊት ለፊት አትጠይቁትም። ዞር ሲል ግን «ምን አጥፍቶ ይሆን?» መባባሉ አይቀርም። ሰውየው ምንም አላጠፋም እንበል። ድርጅቱ ገንዘብ አጠረው፣ የውጭ ትዕዛዝ ቀረበት፣ ወይም ፕሮጀክቱ ተዘጋ። ያም ሆኖ «ተባረረ» የምትለው ቃል አንዴ ከወጣች ጥፋተኛው እሱ ሆኖ ይቀራል።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ለዚህ ሁለት የተለያዩ ቃላት አሏቸው። አንዱ «ፋየር» ነው፤ በተለምዶ ሠራተኛው ባጠፋው ወይም ባልቻለው ነገር የተነሳ ሲወጣ ይባላል። ሌላው «ሌይ ኦፍ» ነው፤ ሥራው ራሱ ሲጠፋ፣ ቀጣሪው ሲከስር ወይም ሲያጥፍ ይባላል። እኛ ሁለቱንም «አባረረ» ብለን እንተረጉማቸዋለን። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ከ11 ሺህ በላይ ሠራተኞቹን «ሌይ ኦፍ» አደረገ። እንዲህ ያለ ዜና ወደ አማርኛ ሲመጣ ርዕሱ ብዙውን ጊዜ «አባረረ» ይሆናል። በአንድ ጊዜ 11 ሺህ ሰው አጥፍቶ ተገኘ ማለት ነው?

«ትርጉም ነው፣ ምን ያካብዳል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። የምጽፈው ለእናንተ ነው። በዚህ ቃል ውስጥ ገንዘብ አለ፣ መብት አለ፣ ስም አለ። ሁለት ወገን ደግሞ እየበደለ ነው። አንዱ እኛ ጋዜጠኞችና ተርጓሚዎች ነን፤ «ሌይ ኦፍ»ን «ማባረር» እያልን ያላጠፋውን ጥፋተኛ እናደርጋለን። ሌላው ቃሉን ሳይተረጉም በእንግሊዝኛው የሚጠቀመው ቀጣሪ ነው፤ «ሌይ ኦፍ ልናደርጋችሁ ነው» ይልና ሕጉ የሚያስከፍለውን ትክክለኛ የአማርኛ ቃል ሳይጠራ ያልፋል። ያ ቃል አለን። «ቅነሳ» ይባላል።

መጀመሪያ ግሡን እንየው

«ሌይ» ማለት ማኖር፣ ማሳረፍ፣ ማጋደም ነው። «ኦፍ» ደግሞ ከነበሩበት መነሳትን፣ ገለል ማለትን፣ መቋረጥን ያመለክታል። ሲጣመሩ ለየብቻ ያልነበራቸው ትርጉም ይወልዳሉ። እንግሊዝኛን አስቸጋሪ የሚያደርጉት እንዲህ ያሉት ጥምር ግሦች ናቸው፤ የሁለቱን ቃላት ፍቺ ማወቅ የጥምሩን ፍቺ አያስገኝም።

በመነሻው «ሌይ ኦፍ» ጊዜያዊ ነገር ነበር። የፋብሪካው ሥራ ሲቀዘቅዝ ሠራተኛው ለጊዜው ቤቱ ይቀመጣል፣ ሥራ ሲመጣ ይጠራል። በአሜሪካ ቃሉ ቀስ በቀስ ወደ ቋሚ መለያየት ዞረ። ዛሬ አንድ አሜሪካዊ «ሌድ ኦፍ» ሆንኩ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ላይመለስ ወጥቷል። ጊዜያዊው ትርጉም ግን ጨርሶ አልሞተም። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የአሜሪካ ሕግ 100 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ ፋብሪካ ሲዘጋ ወይም ሠራተኛ በጅምላ ሲቀንስ የ60 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። በዚያው ሕግ «ሌይ ኦፍ» ሥራ እንደ ማጣት የሚቆጠረው ከስድስት ወር ካለፈ ነው። እስከዚያ ድረስ ሠራተኛው ሊመለስ ይችላል ተብሎ ይታሰባል።

ለንደን ያላችሁ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። በብሪታንያ የሥራ ሕግ «ሌይ ኦፍ» ዛሬም ጊዜያዊ ነው። ቀጣሪው ሥራ ስለሌለ ቤት ያስቀምጥሃል፤ ውሉ ግን አልተቋረጠም። ለዘለቄታው ሲሆን «ሪደንደንሲ» ይባላል፣ ሁለት ዓመት ያገለገለ ሠራተኛም በሕግ የተወሰነ ክፍያ አለው። በጊዜያዊው «ሌይ ኦፍ» ለተከታታይ አራት ሳምንት የቆየ ሠራተኛ ደግሞ የሕጉን አካሄድ ተከትሎ ይህንኑ ክፍያ መጠየቅ ይችላል። አሜሪካ ያለው ወንድምህ በስልክ የሚነግርህ «ሌይ ኦፍ» እና አንተ የደረሰብህ «ሌይ ኦፍ» አንድ አይደሉም ማለት ነው።

ሰዋስዉም ያሳስታል። «አይ ወዝ ሌድ ኦፍ» ያለ ሰው ተቀንሷል። «ወዝ» የምትለዋን ትቶ «አይ ሌድ ኦፍ» ያለ ሰው ግን ራሱን ቀናሽ አድርጎታል፤ ማንን እንደቀነሰ ሊጠየቅ ነው። ጭቅጭቅ ላይ «ሌይ ኦፍ!» የተባለ ሰው ደግሞ ከሥራው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ «ተወኝ፣ አትድረስብኝ» እየተባለ ነው። ሐኪም «ጨው ሌይ ኦፍ አድርግ» ቢልህም ጨው ተው ማለቱ ነው።

አሜሪካ፦ ቃሉ ገንዘብ የሚሆንበት አገር

እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ አሜሪካ የሥራ አጥነት መድን አላት። የእኛ ሰዎች በአጭሩ «አንኢምፕሎይመንት» የሚሉት ነው። የሚያስተዳድረው እያንዳንዱ ግዛት ቢሆንም መሠረቱ ተመሳሳይ ነው፤ ያለ ጥፋትህ ሥራ ካጣህና ሌሎቹን መመዘኛዎች ካሟላህ ሌላ ሥራ እስክታገኝ በየሳምንቱ የተወሰነ ገንዘብ ታገኛለህ። በብዙዎቹ ግዛቶች እስከ 26 ሳምንት ይደርሳል።

ስታመለክት ከሚቀርቡልህ የመጀመሪያ ጥያቄዎች አንዱ «ከሥራ የተለየህበት ምክንያት ምንድን ነው?» የሚል ነው። ሥራ ጠፍቶ ነው? ተባረህ ነው? ራስህ ለቀህ ነው? ሦስቱ ምርጫዎች ሦስት የተለያዩ መንገዶች ናቸው። ሥራ ጠፍቶ ከሆነ ነገሩ በአብዛኛው ቀላል ነው። ተባረህ ከሆነ ምርመራ ይከተላል፤ ቀጣሪህ ይጠየቃል፣ ጥፋት ነበረ አልነበረም ይባላል። ራስህ ለቀህ ከሆነ በቂ ምክንያት ማቅረብ አለብህ፤ አለዚያ ብዙውን ጊዜ ክፍያ የለም።

አሁን በአማርኛ የሚያስብ ሰው ቅጹን ሲሞላ አስቡት። ሆቴሉ እንግዳ አጥቶ ሠራተኛ ቀንሷል። እሱ በልቡ የሚያውቀው «ተባረርኩ» የሚለውን ነው። ቃሉን ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው «ፋየርድ» ይሆናል፣ ቅጹም ላይ እሱኑ ይመርጣል። የዋሸ የለም፤ ቋንቋው ሁለቱን አንድ ስላደረገበት ብቻ ቀጥተኛ የነበረው ጉዳዩ ምርመራ ውስጥ ይገባል፣ ክፍያው ይዘገያል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020፣ በኮሮና ወቅት፣ በአሜሪካ በአንድ ወር ውስጥ 20 ሚሊዮን ገደማ የሥራ ቦታ ጠፍቷል። በሆቴል፣ በምግብ ቤት፣ በመኪና ማቆሚያ፣ በአየር ማረፊያ የሚሠራ ወገናችን ስንት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ለዚህ ሁሉ ሰው «ፋየርድ» እና «ሌድ ኦፍ» መለየት የቤት ኪራይ ጉዳይ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ማስተካከያ ላክል። መባረር ራሱ ክፍያውን ሁልጊዜ አያስቀርም፤ የሚያስቀረው ሕጉ ጥፋት ብሎ የሚቆጥረው ተግባር ነው። ደግሞም በእውነት በጥፋቱ የወጣ ሰው «ሌድ ኦፍ ነኝ» ብሎ ይሙላ እያልኩ አይደለም፤ እሱ ማጭበርበር ነው። ያልተባረረ ሰው ራሱን አያባርር ነው የምለው።

ቀጣሪዎች ልዩነቱን ያውቁታል

ልዩነቱ ቀልድ አለመሆኑን ማየት የፈለገ በቅርቡ አሜሪካ የሆነውን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 የትራምፕ አስተዳደር በሺዎች የሚቆጠሩ በሙከራ ጊዜ ላይ ያሉ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞችን በጅምላ አሰናበተ። ለብዙዎቹ የደረሳቸው ደብዳቤ ምክንያቱ የሥራ አፈጻጸማቸው ነው ይላል። ከእነዚህ ውስጥ ጥሩ የአፈጻጸም ውጤት የነበራቸው ሰዎች ነበሩ። የሳን ፍራንሲስኮው የፌዴራል ዳኛ ዊልያም አልሰፕ መንግሥት ሐሰት መሆኑን እያወቀ ጥሩ ሠራተኛን በአፈጻጸም ሰበብ ማሰናበቱን በችሎት ነቅፈው ሠራተኞቹ እንዲመለሱ አዘዙ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኤፕሪል የመመለሱን ትዕዛዝ አገደ። ዳኛው ግን በዚያው ወር ሌላ ትዕዛዝ ሰጡ፦ መሥሪያ ቤቶቹ ስንብቱ በሠራተኛው አፈጻጸም ምክንያት እንዳልነበረ የሚገልጽ ደብዳቤ ለሠራተኞቹ እንዲጽፉ።

ነገሩን ልብ በሉት። ሥራው ባይመለስ እንኳ ስሙ እንዲመለስ ነው የታዘዘው። ቀጣዩ ቀጣሪ «ከቀድሞ ሥራህ ለምን ወጣህ?» ሲል መልስ እንዲኖረው ነው። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለው የኛው ተረት ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ወጣ ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

ሜታም በዚያው ዓመት መጀመሪያ ከሠራተኞቹ 5 በመቶ ገደማውን ሲያሰናብት «ዝቅተኛ አፈጻጸም ያላቸው» ብሎ አውጇል። ከተሰናበቱት መካከል ጥሩ ውጤት ነበረን ያሉ በአደባባይ ተቆጡ። ከሁለት ዓመት በፊት በ2022 የወጡት «ሌድ ኦፍ» ተብለው ነበር፤ እነዚህ ግን ግንባራቸው ላይ ምልክት ተደርጎባቸው ወጡ። ሁለቱም ወገን ደመወዙን አጥቷል። የሚለያዩት በተሰጣቸው ስም ነው።

ወደ አገር ቤት ስንመጣ

ኢትዮጵያ ውስጥ የሥራ አጥነት መድን የለም። ስለዚህ ልዩነቱ እዚህ አይሠራም የሚል ካለ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አላነበበም። አዋጁ ሁለቱን ነገሮች በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ነው ያስቀመጣቸው።

አንቀጽ 27 ስለ ጥፋት ነው። ስርቆት፣ ማታለል፣ በሥራ ቦታ ጠብ፣ ያለ ፈቃድ በተደጋጋሚ መቅረት እና ሌሎችም ይዘረዘራሉ። በዚህ መንገድ የወጣ ሠራተኛ ማስጠንቀቂያም የስንብት ክፍያም የለውም። ሰውየው ተባረረ ብትሉ አልከራከራችሁም።

አንቀጽ 29 ስለ ቅነሳ ነው። በድርጅቱ ችግር ምክንያት ቢያንስ ከሠራተኞቹ 10 በመቶው፣ ወይም ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለው ድርጅት ቢያንስ አምስት ሰው፣ ከ10 ቀን ባላነሰ ተከታታይ ጊዜ ውስጥ ሲቀነስ ማለት ነው። እዚህ ቀጣሪው እንደፈለገ አይሆንም። ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኛ ተወካዮች ጋር መመካከር አለበት። ማን እንደሚቀር ሲወሰን ችሎታና ምርታማነት ይታያል፤ በዚያ እኩል ከሆኑ ሕጉ ተራ አስቀምጧል፣ ነፍሰ ጡር ሴት ከተራው መጨረሻ ናት። የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ አለ። የስንብት ክፍያም አለ።

ክፍያውን በቁጥር እንየው። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፤ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህ ሲሶ፣ ማለትም የ10 ቀን፤ ቅነሳ ሲሆን ደግሞ በዚህ ላይ የ60 ቀን ይጨመራል። ሰባት ዓመት የሠራ ሰው 30 ሲደመር 60 ሲደመር 60፣ በድምሩ የ150 ቀን ደመወዝ ይገባዋል። ደመወዙ በወር 12 ሺህ ብር ከሆነና በ30 ቀን ብናካፍለው፣ ግብር ሳይነሳ 60 ሺህ ብር ነው። ያው ሰው በጥፋት ወጣ ከተባለ ዜሮ ነው። «ተቀነሰ» እና «ተባረረ» መካከል ያለው ርቀት ለዚህ ሰው 60 ሺህ ብር ነው። አሁንም «ትርጉም ነው» ትሉኛላችሁ?

ለዚህ ነው በእንግሊዝኛው «ሌይ ኦፍ» የሚል ኃላፊ የሚያሳስበኝ። የቢሮ ቋንቋችን በእንግሊዝኛ የተሞላ ነው፣ በዚያ ብቻ ማንንም አልከስም። ነገር ግን «ቅነሳ ልናደርግ ነው» ሲባል ወዲያው ጥያቄ ይነሳል፦ ማኅበሩ ተማክሯል? ተራው ተጠብቋል? ማስጠንቀቂያው የት አለ? ክፍያው መቼ ነው? «ሌይ ኦፍ» ሲባል ግን ሰው አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። ቃሉ በአዋጁ የአማርኛ ቅጂ ውስጥ የለም፤ ስለሌለም መብት አያስታውስም።

ከዚህ የባሰም አለ። ሠራተኛውን ቢሮ አስጠርቶ «ስምህ እንዳይበላሽ መልቀቂያ አስገባ» ማለት። ደግ ምክር ይመስላል። መልቀቂያ ያስገባ ሰው ግን በወረቀት ራሱ የለቀቀ ነው፤ የቅነሳ ክፍያ ልጠይቅ ቢል የገዛ ፊርማው ይቃወመዋል። ይህ ተንኮል የሚሠራው ለምን ይመስላችኋል? ሰው «ተባረረ» መባልን ስለሚፈራ ነው። እኛ ቃሉን ለሁሉ እየለጠፍን ያሳደግነውን ፍርሃት ሌላው ገንዘብ ያተርፍበታል።

ያላጠፉት ብዙ ናቸው። ከእ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ስትወጣ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ስፌት ሠራተኞች ያጠፉት ነገር አልነበረም። በጃንዋሪ 2025 ዋሽንግተን የውጭ ዕርዳታን ለ90 ቀን ስታግድ በአሜሪካ ገንዘብ ሲሠሩ የነበሩ የጤናና የረድኤት ባለሙያዎቻችንም እንዲሁ። ውሳኔው የተወሰነው ውቅያኖስ ማዶ ነው። እነዚህን ሰዎች «ተባረሩ» ማለት በጎርፍ ቤቱ የፈረሰበትን ሰው «ቤቱን አፈረሰ» እንደ ማለት ነው።

ሁለት መቃወሚያዎች

የመጀመሪያው ጠንካራ ነው። «ሌይ ኦፍ ራሱ የአለቆች ማሽሞንሞኛ ነው፤ አባረረ ማለት ቢያንስ የቀጣሪውን ጭካኔ ያጋልጣል» ይላል። ግማሹን እቀበላለሁ። የእንግሊዝኛ የኩባንያ ቋንቋ በዚህ የተካነ ነው፤ «ሌት ጎ» ይላል፣ ሰውየው ታስሮ የተፈታ ይመስል። «ዳውንሳይዝ» ይላል፣ ልብስ የሚጠበብ ይመስል። ነገር ግን መፍትሔው የሚያቆስል ቃል መርጦ በተጎጂው ላይ መጣል አይደለም። ጭካኔውን ማጋለጥ ከፈለጋችሁ የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት አስተካክሉ። «300 ሠራተኞች ተቀነሱ» አትበሉ፤ ማን ቀነሳቸው? «ድርጅቱ 300 ሠራተኞች ቀነሰ» በሉ። ከዚያ ትርፉን፣ የአለቆቹን ደመወዝና የማስጠንቀቂያውን ቀን ጻፉ።

ሁለተኛው «በአማርኛ ተባረረ ማለት በቃ ሥራ አጣ ማለት ነው፣ ሕዝቡ እንዲያ ነው የሚናገረው» የሚል ነው። ሕዝቡ ይናገረዋል፣ እውነት ነው። ግን ይኸው ሕዝብ ሌባ ይባረራል፣ ውሻ ይባረራል፣ ሰይጣን ይባረራል ይላል። ሲኮርጅ የተያዘ ተማሪም ይባረራል። ቃሉ ከእነዚህ ሁሉ ጋር ውሎ አድሮ ሥራ ወዳጣው ሰው ሲመጣ ንጹሕ ሆኖ አይመጣም። መነሻዬ ላይ ያነሳሁት «ምን አጥፍቶ?» የሚለው ጥያቄ ማስረጃዬ ነው። «ድርጅቱ ቀነሰው» ብትሉ ማንም ያንን አይጠይቅም፤ «አይ፣ ምን ነካቸው?» ነው የሚለው። ጥያቄው ከሰውየው ወደ ድርጅቱ ዞረ ማለት ነው።

ምን ይደረግ?

ዜና የምትሠሩ፦ «ሌይ ኦፍ» ስታዩ «ቀነሰ» በሉ። «ፋየር» ስታዩ «አባረረ» ወይም «በጥፋት አሰናበተ» በሉ። ምክንያቱ ካልተገለጸ «ከሥራ አሰናበተ» ብላችሁ አቁሙ። ብሪታንያ ከሆነ ጊዜያዊ መሆኑን አጣሩ።

ሥራ ያጣችሁ፦ ምክንያቱ የተጻፈበት ደብዳቤ ጠይቁ። የሥራ ልምድ ማስረጃ በነፃ የማግኘት መብት አላችሁ። ያላሰባችሁትን መልቀቂያ በማንም ግፊት አትፈርሙ። ስንብቱ ሕገወጥ ነው ብላችሁ ወደ ሥራ ለመመለስ ከፈለጋችሁ የክስ ጊዜው ሦስት ወር ብቻ ነው፤ በሐዘን አታሳልፉት። አሜሪካ ያላችሁ ቅጹ ላይ የሆነውን በትክክለኛ ስሙ ጥሩ፦ ሥራ ጠፍቶ ከሆነ «ሌድ ኦፍ»።

የቀረነው ደግሞ፣ ጎረቤታችን ሥራ ሲያጣ ቃላችንን እንምረጥ። «ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት» ይባላል። ድርጅት የቀነሰውን ሰው እኛ ደግመን አናባርረው።